ከጥቂት ወገን ስለ ተወለዱ ልጆች ክብርና የልብ ዕረፍት

ልጅ በምግብ ብቻ አያድግም፤ በክብርም ጭምር ነው እንጂ። ምግብ ያጣ ልጅ ሰውነቱ ሲመነምን ሁሉ ያየዋል፤ ክብር ያጣ ልጅ ግን ልቡ ሲመነምን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በየመንደሩ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ መምህራን፤ እንዲሁም ማንበብ የምትችሉ አባቶች ሽማግሎች፤ ይህን ነገር ልብ ታደርጉት ዘንድ ይህ ጽሑፍ ተዘጋጅቷል።

ነገሩም ይህ ነው። በአንድ መንደር ብዙ ሆነው ከሚኖሩት ሰዎች መካከል በቋንቋ ወይም በትውልድ፤ በሃይማኖት ወይም በእጅ ሥራ የተለዩ ጥቂት ቤቶች ይገኛሉ። የነዚህ ቤቶች ልጆች ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 ዓመት ሲደርስ «እኔ ማን ነኝ? ወገኔስ ማን ነው?» ብለው በልባቸው መጠየቅ ይጀምራሉ። መልሱን አንዱን ከአባታቸው ቤት ያገኙታል፤ ሁለተኛውን ከጎረቤት፤ ከጓደኛና ከመምህር አፍ ይሰሙታል። ሁለቱ መልሶች የተስማሙ እንደ ሆነ ልጁ ልቡ ያርፋል። የተጣሉ እንደ ሆነ ግን በሁለት ወገን እንደሚሳብ ጠፍር ይወጠራል፤ ቶሎ ያልተረዳ እንደ ሆነም ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይም የአባቱን ቤት ያፍርበታል፤ ወይም ጎረቤቱን ሁሉ ይጠላል።

1ኛ፤ ማንነት በጉርምስና ዘመን

ሕፃን ልጅ ወገኑን አይመረምርም፤ እናቱ የነገረችውን ይቀበላል። በጉርምስና ዘመን ግን አካሉ ሲለወጥ አሳቡም አብሮ ይለወጣል። ሰው ሲያየው ምን እንደሚል ይጨነቃል፤ የአንድ ቀን ፌዝ ለብዙ ወራት በልቡ ይመላለሳል። ታላቅ ሰው ሰምቶ የሚያልፈውን ቃል ጎረምሳና ኮረዳ ሰምተው አያልፉትም።

ይህን ነገር በሰፊው ካስረዱት ሊቃውንት አንዱ ኤሪክ ኤሪክሰን የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። እርሱም ራሱ በልጅነቱ ይህን መከራ የቀመሰ ሰው ነበር። በጀርመን አገር በአይሁድ ቤት ሲያድግ፤ በትምህርት ቤት አይሁዳዊ ነህ እያሉ ያፌዙበት ነበር፤ በአይሁድ ምኩራብ ደግሞ ጠጕሩ ቢጫ ዓይኑም ሰማያዊ ስለ ነበረ እንደ ባዕድ ይቈጥሩት ነበር። ኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ የወጣትነት ዋና ሥራ ማንነትን ማግኘት እንደ ሆነ አስረዳ።

ከርሱም በኋላ በካሊፎርኒያ ያስተማሩ ጂን ፊኒ የተባሉ ሴት ሊቅ ከጥቂት ወገን የተወለዱ ወጣቶችን እየጠየቁ ይህን መንገድ በሦስት ከፍለው አሳዩ። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ስለ ወገኑ አላሰበም፤ የሰማውን መልካምም ሆነ ክፉ ሳይመረምር ይዞታል። በሁለተኛው ደረጃ ይጠይቃል፤ ይመረምራል፤ አንዳንድ ጊዜም ይቈጣል። በሦስተኛው ደረጃ ግን «ከዚህ ወገን ነኝ፤ በዚህም አላፍርም» ብሎ ልቡ ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ጥናት እንዳስረዳው፤ ወደዚህ ወደ ሦስተኛው ደረጃ የደረሱት ወጣቶች በልብ ዕረፍትና ራሳቸውን በማክበር ከሌሎቹ የበለጡ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ መምህር ሆይ፤ በሁለተኛው ደረጃ ያለ ልጅ አስቸጋሪ መስሎ ቢታይህ አትደነቅ። የሚጠይቅ ልጅ የጠፋ ልጅ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለ ልጅ ነው እንጂ።

2ኛ፤ ከጎንደር መንደሮች የተነሡ ልጆች

ነገሩን በእውነተኛ ምሳሌ ለማስረዳት ከአገራችን የወጡትን የቤተ እስራኤልን ልጆች ታሪክ እንመልከት። ይህን የመረጥነው እነዚህ ልጆች በሁለት አገር ጥቂት ሆነው ስለ ኖሩ ነው፤ በመጀመሪያ በኛ መካከል፤ ኋላም በእስራኤል አገር።

ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ፤ በደምቢያ፤ በወገራ፤ በስሜንና በወልቃይት፤ በትግራይም በሽሬ ይኖሩ ነበር። ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፤ ሰንበትንም አጥብቀው የሚጠብቁ ሕዝብ ናቸው። አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው የሌላውን መሬት እየተጋዙ ያርሱ ነበር፤ ብረት ይቀጠቅጡ፤ ሸማ ይሠሩ፤ ግንብም ይገነቡ ነበር። ሴቶቻቸው ሸክላ ይሠሩ ነበር። ገበሬው ያረሰበት ማረሻ፤ እናቶች ወጥ የሠሩበት ድስት፤ እንጀራም የጋገሩበት ምጣድ ከእጃቸው የወጣ ነው። ዳሩ ግን ማረሻውን የገዛው ሰው ቀጥቃጩን ቡዳ ይለው ነበር፤ በሌሊትም ጅብ ይሆናል እያለ ልጆቹን ያስፈራራበት ነበር። ፈላሻ የሚለውም ስም ሌሎች የሚጠሯቸው እንጂ እነርሱ የሚወዱት ስም አልነበረም።

እንዲህ ያለው ስድብ ለአገር የማይጠቅም መሆኑን አስቀድመው ያስተዋሉ ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ነገር ግን አዋጅ የሚከለክለው በአደባባይ የሚሰማውን ነው፤ በጓዳ የሚነገረውን የሚያስቀር ትምህርት ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎም የቀጥቃጩ ልጅ ከብት ሲጠብቅ፤ ውሃ ሲቀዳ፤ በትምህርት ቤትም ሲቀመጥ ያንኑ ቃል ይሰማ ነበር።

3ኛ፤ በአዲሱ አገር ያገኛቸው

በ1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ በተባለው ጉዞ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተሻገሩ። በዚያ መንገድና በሱዳን የስደተኞች ሰፈር በረሃብና በበሽታ የሞቱት 4 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናትና ሽማግሎች ነበሩ። ቀጥሎም ግንቦት 16ና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። ወደ አባቶቻችን አገር ደረስን፤ እንግዲህ ስድብ ቀረልን ብለው ደስ አላቸው።

ልጆቹ ግን በአዲሱ አገር ሌላ ልዩነት ቈየቻቸው። በጎንደር በሃይማኖታቸውና በእጅ ሥራቸው ተለይተው ነበር፤ በእስራኤል ደግሞ በመልካቸው ጥቁርነት ተለዩ። በጎንደር «አይሁድ» ተብለው የተገለሉት፤ በእስራኤል «ኢትዮጵያውያን» ተብለው ተለዩ። ይልቁንም የአገሩ የሃይማኖት አለቆች የአይሁድነታቸውን ነገር ስለ ተጠራጠሩ የመግቢያ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቋቸው፤ እነርሱም ይህ ውርደት ነው ብለው እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ብዙ ቀን ተቃወሙ። ስለ ሃይማኖቱ በአንድ አገር የተሰደበ ልጅ በሌላው አገር ሃይማኖት የለህም ሲባል ልቡ ምን እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ።

ከዚህ ሌላ በትምህርት ቤትና በቤት የደረሱባቸው ሦስት ነገሮች ለመምህር ትልቅ ትምህርት ስለሚሰጡ በየተራ እንገልጻቸዋለን።

የመጀመሪያው የስም ነገር ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ተረታችን። በአገራችን ስም ታሪክ ነው፤ ልጅ ከሞተባት በኋላ የወለደች እናት ልጇን ካሣ ትለዋለች፤ ኀዘኗን ያስረሳትን ማስረሻ ትለዋለች። ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲገቡ ግን ጸሐፊዎችና መምህራን ለብዙዎቹ ልጆች የዕብራይስጥ ስም አወጡላቸው። ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ቶሎ እንዲመሳሰል አስበው ነው። ነገር ግን ልጁ በቤቱ በአንድ ስም፤ በትምህርት ቤቱ በሌላ ስም ሲጠራ፤ የእናቱ ስም የሚደበቅ ነገር እንደ ሆነ ሳይነገረው ተማረ።

ሁለተኛው የጠባይ ነገር ነው። በአገራችን ሥርዓት ልጅ በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን ወደ መሬት ዝቅ ያደርጋል፤ ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ሲጠየቅም በአጭር ቃል ይመልሳል። በእስራኤል ትምህርት ቤት ግን ልጅ የመምህሩን ዓይን እያየ እንዲጠይቅ፤ እንዲከራከርም ይፈለጋል። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን ዓይኑን ዝቅ ያደረገውን ልጅ ትምህርቱ አልገባውም፤ ወይም አንድ ነገር ይደብቃል ብለው ፈረዱበት። በቤቱ ጨዋ ያሰኘው ጠባይ በትምህርት ቤት ደካማ አሰኘው።

ሦስተኛው የወላጆች ክብር ነገር ነው። ልጆች ቋንቋ ቶሎ ስለሚለምዱ ዕብራይስጡን ያወቁት ከወላጆቻቸው ቀድመው ነው። እንግዲህ አባት ወደ ሐኪም ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሄድ የ12 ዓመት ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ይሄድ ጀመር። በመንደሩ ጠብ የሚያበርድ፤ ዕርቅ የሚያወርድ ሽማግሌ የነበረ ሰው፤ ልጁ ካልነገረለት በቀር አፍ እንደሌለው ሆነ። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ ጎረምሶችና ኮረዶች ከቤታቸው ርቀው በአዳሪ ትምህርት ቤት ስለ ተማሩ፤ ለዕረፍት ሲመለሱ የአባታቸውን ቋንቋ እየረሱ፤ አባትም የልጁን ቋንቋ ሳያውቅ፤ በአንድ ማዕድ ዝም ተባብለው የሚቀመጡበት ቤት በዛ። ልጅ አባቱ ሲዋረድ ባየ ጊዜ የሚዋረደው ራሱ ነው፤ የሚመካበት ግንብ ሲፈርስ ያያልና።

ይህ ሁሉ በልብ ተከማችቶ ሳለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች ለበሽተኞች የለገሱት ደም የበሽታ ፍርሃት ስላደረባቸው ሰዎች ሳይነገር ሲደፋ እንደ ኖረ በጋዜጣ ተገለጠ። ብዙ ሺህ ሰዎች በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ተሰብስበው ጮኹ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ደሙን ለወንድሙ ሰጥቶ የተደፋበት ወጣት፤ የተጣለው ደሙ ብቻ እንዳልሆነ ገባው።

4ኛ፤ አራቱ መንገዶች

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ወጣት ከአራት መንገዶች በአንዱ ይሄዳል። ይህን አከፋፈል የደነገጉት ጆን ቤሪ የተባሉ የካናዳ ሊቅ ናቸው።

በመጀመሪያው መንገድ የሚሄደው የአባቱን ቤት ትቶ ብዙኃኑን ለመምሰል ይጥራል፤ ቋንቋውን ይረሳል፤ እናቱ ወደ ትምህርት ቤት ስትመጣ ይደበቃል። በሁለተኛው መንገድ የሚሄደው ብዙኃኑን ይሸሻል፤ ከወገኑ በቀር ማንንም አያምንም። በሦስተኛው መንገድ የሚሄደው ሁለቱንም ያጣል፤ ከአባቱ ቤት ተለይቷል፤ የብዙኃኑም ቤት አልተቀበለውም። ከሁሉ የሚያሳዝን ይህ ነው፤ ትምህርቱን የሚተውና በመጠጥ ወይም በክፉ ባልንጀራ የሚወድቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። በአራተኛው መንገድ የሚሄደው ግን የአባቱን ቤት አክብሮ ይይዛል፤ በጋራውም ቤት እኩል ሆኖ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሞ የወጣ ትልቅ ጥናት ይህን አረጋግጧል። ሊቃውንቱ እስራኤልን ጨምሮ በ13 አገሮች የሚኖሩ፤ ከሌላ አገር ከመጡ ቤተ ሰቦች የተወለዱ ከ5 ሺህ በላይ ወጣቶችን ጠየቁ፤ ዕድሜያቸውም ከ13 እስከ 18 ዓመት ነበረ። በልብ ዕረፍትም ሆነ በትምህርትና በጠባይ የተሻሉት በአራተኛው መንገድ የሚሄዱት ሆነው ተገኙ። መናቅና መገለል የደረሰባቸው ደግሞ ልባቸው የታወከ ሆነ። ስለዚህ «የአባቱን ቋንቋና ታሪክ ቢተው ይሻለዋል፤ ቶሎ ይመሳሰላል» የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ «ከወገኑ በቀር ማንንም አይጠጋ» የሚሉም እንዲሁ ተሳስተዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አድርጉ። በአራተኛው መንገድ ለመሄድ የልጁ ፈቃድ ብቻ አይበቃም። በሁለት በር የሚገባ ሰው ሁለቱም በሮች ሊከፈቱለት ይገባል። የአባቱን በር የሚከፍቱ ወላጆቹና የወገኑ ሽማግሎች ናቸው፤ የጋራውን በር የሚከፍቱ ግን መምህሩና ብዙኃኑ ጎረቤቶች ናቸው።

5ኛ፤ ልብን የሚያሳርፍ ነገር

የቤተ እስራኤል ልጆች ታሪክ በኀዘን ብቻ አልቀረም። ከነርሱ ብዙዎች ካደጉ በኋላ የተለወጠባቸውን ስም መልሰው የእናታቸውን ስም ያዙ። አባቶቻቸውም በጎንደር ተራራ ላይ ወጥተው ያከብሩት የነበረውን የስግድ በዓል በኢየሩሳሌም ማክበር ጀመሩ። በዚህ በዓል ሕዝቡ ይጾማል፤ ቄሶቹ በተራራ ላይ ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ከሰዓት በኋላም ጾሙ ተፈትቶ ደስታ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን የመንግሥት በዓል አድርጎ ደነገገው። ያን ጊዜ በትምህርት ቤት ስለ ስግድ የማያውቁት ጓደኞቹ የሚጠይቁት ልጅ፤ አያቱን ሄዶ ጠየቀ፤ ዝም ብሎ የኖረው አያትም እንደ ገና የሚነገር ነገር ያለው ሰው ሆነ። አንድ በዓል ለልጁም ለሽማግሌውም ክብር መለሰ ማለት ነው።

ሆኖም ቁስሉ ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ከኢትዮጵያ ወገን የተወለደ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ሥዕል በወጣ ጊዜ፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም አንድ የ18 ዓመት ወጣት በፖሊስ ጥይት በሞተ ጊዜ፤ ወጣቶቹ አደባባይ ወጥተው በቍጣ ጮኸዋል። በዓል ማክበር ብቻውን ፍርድን አይተካም፤ ክብር በቃልም በሥራም መታየት አለበት።

6ኛ፤ ይህ ነገር በኛ መንደር

ምናልባት አንባቢ «ይህ በሩቅ አገር የሆነ ነው፤ ለኛ ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ያ ልጅ ቁስሉን የጀመረው በሩቅ አገር አይደለም፤ ከኛ መንደር ይዞት ሄደ እንጂ። እርሱ ከሄደም በኋላ እንደርሱ ያሉ ልጆች በየትምህርት ቤታችን ተቀምጠዋል።

በአገራችን ከ80 የሚበልጡ ነገዶች ይኖራሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጅ የመጀመሪያውን ትምህርት በእናቱ ቋንቋ እንዲማር ፈቅዷል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም በአንድ ወረዳ ብዙኃኑ በሚናገሩት ቋንቋ ሲማሩ፤ ቋንቋው ሌላ የሆነ ጥቂት ልጅ በየትምህርት ቤቱ አይጠፋም። ከቋንቋም ሌላ በሥራቸውና በኑሯቸው የተናቁ አሉ። በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩ ወይጦዎች ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፤ ቀድሞ ጉማሬ ያድኑ የነበሩ ሕዝብ ናቸው፤ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ብዙ ዘመን ተገለሉ፤ የቀድሞ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። በካፋ የሚኖሩ ማንጆዎች ከጫካ ማርና ከሰል እያወጡ ሲተዳደሩ፤ ጎረቤቶቻቸው ከነርሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይበሉም ነበር። በብዙ ቦታም የሸክላ ሠሪ፤ የቆዳ ፋቂና የብረት ቀጥቃጭ ልጅ እንዲሁ ይናቃል።

እስኪ አንድ የሸክላ ሠሪ ልጅ በትምህርት ቤታችሁ እንዳለ አስቡ። እናቷ ጧት ገበያ የወሰደችውን ማሰሮ የክፍሉ ልጆች እናቶች ገዝተው ውሃ ይጠጡበታል፤ ልጅቱ በያዘችው ጽዋ ግን ማንም አይጠጣም። ይህች ልጅ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን ብትተው «ሰነፍ ነበረች» እንላለንን? አይደለም። ሰነፎቹ እኛ ነን።

7ኛ፤ የመምህር ሥራ

ሀ. ልጁን ወላጆቹ ባወጡለት ስም ጥራው። ስሙ ለአፍህ አዲስ ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቀህ በትክክል ተማረው። በክፍል የተሳሳተ ስም ሰምቶ የሳቀ ልጅ ካለ፤ ትርጓሜውን አስረዳው።

ለ. ልጆች በወገን ተለይተው እንዳይቀመጡ ወንበራቸውን አደባልቅ፤ የውሃ መጠጫውም አንድ ይሁን፤ አንተም በዚያው ጠጣ። አንድ ቀን መምህሩ በፊታቸው የጠጣው ውሃ ከአንድ ወር ስብከት ይበልጣል።

ሐ. ስድብ በሰማህ ቀን በዚያው ቀን ተናገር። ዝም ያልክ እንደ ሆነ ሁለቱም ልጆች የፈቀድከው ይመስላቸዋል። ተሳዳቢውን በመምታት ግን አትጀምር፤ የተመታ ልጅ በቀሉን በተሰደበው ላይ ከትምህርት ቤት ውጭ ይመልሳልና። ለብቻው ጠርተህ ቃሉን ከማን እንደ ሰማው ጠይቀው፤ በአንተ ቢደርስ ምን ይሰማህ ነበር ብለህ አስመርምረው፤ አስፈላጊም ሲሆን ወላጁን አስጠራ።

መ. የቡዳን ወሬ በእውቀት አፍርሰው። ቡዳ በላው የሚባለው ሕፃን ብዙውን ጊዜ የታመመው በወባ፤ በሳንባ ምች ወይም በሌላ የታወቀ በሽታ ነው። ቀጥቃጩን በመወንጀል ጊዜ ሲጠፋ ሕፃኑ መድኃኒት ሳያገኝ ይሞታል። እንግዲህ ይህ ወሬ የሚገድለው የተሰደበውን ልብ ብቻ አይደለም፤ የተሳዳቢውንም ልጅ ነው።

ሠ. የእጅ ሥራን በትምህርት ውስጥ አግባው። ሸክላ በእሳት ሲተኮስ ስለ ምን እንደሚጠነክር፤ ብረት ሲግል ስለ ምን እንደሚለዝብ፤ ሸማኔ ድሩን በስንት እንደሚቈጥር ማስተማር የሳይንስና የሒሳብ ትምህርት ነው። ዳሩ ግን የጥቂቱን ወገን ልጅ ሳትጠይቀው በክፍሉ ፊት አቁመህ «ስለ ወገንህ ንገረን» አትበለው። ልጅ በግድ ምስክር ሲሆን ዳግመኛ ያፍራል፤ ፈቅዶ ሲናገር ግን ይከብራል።

ረ. የሚያዝነውን ልጅ ከሚሰንፈው ልጅ ለይ። ይናገር የነበረ ዝም ቢል፤ ከጓደኞቹ ቢለይ፤ መብልና እንቅልፍ ቢያጣ፤ ያለ ምክንያት ቢቈጣ፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ቢያበዛ፤ ቀርበህ በለሆሳስ ጠይቀው። ስለ ሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት የተናገረ እንደ ሆነ ግን ቀልድ ነው ብለህ አትለፈው፤ ብቻውን ሳትተወው በዚያው ቀን ለወላጆቹ ነግረህ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ አድርግ።

8ኛ፤ የሽማግሎች ሥራ

አባቶች ሆይ፤ ልጆች ስድብን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ከምድጃ ዳር ሰሙት እንጂ። እናንተ ባለማሰብ የተናገራችሁትን ልጃችሁ በማግሥቱ በትምህርት ቤት ይናገረዋል። ከቃልም ይልቅ ልጅ የሚማረው ከአቀማመጥ ነው። በሠርግና በልቅሶ ቀን ሸክላ ሠሪው ወዴት እንደ ተቀመጠ፤ በምን ዕቃ እንደ ቀረበለት ያያል፤ ያየውንም አይረሳም። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ የተከበረ ሽማግሌ ቀድሞ ተነሥቶ ያን ሰው ከጎኑ ቢያስቀምጠውና አብሮት ቢበላ፤ ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

ከጥቂቱ ወገን የሆናችሁ ሽማግሎችም ሥራ አላችሁ። ለልጆቻችሁ ታሪካችሁን ንገሯቸው፤ አባቶቻችሁ የሠሩትን ሥራ፤ የቻሉትን መከራ፤ ያወጡትን ምሳሌና ዘፈን አስተምሯቸው። ታሪኩን ያላወቀ ልጅ ሌላው የሚነግረውን ክፉ ታሪክ ይቀበላልና። የደረሰባችሁንም በደል አትደብቁ፤ ነገር ግን ለበቀል አድርጋችሁ አትንገሩ፤ ከሰደቡት መካከል ያከበሯችሁም ጎረቤቶች እንደ ነበሩ ጨምራችሁ ንገሩ። ወገንን ማክበር ሌላውን መናቅ አይደለም። የአባቱን ቤት የሚወድ ልጅ የጎረቤቱ ልጅም የአባቱን ቤት እንደሚወድ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላሉ አባቶች። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የተከበረም አይረሳም። ከ40 ዓመት በኋላ ያች የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለ ትምህርት ቤቷ ስትጠየቅ፤ በጽዋዋ ስላልጠጡት ልጆች ትናገራለች፤ ወይም በጽዋዋ ስለ ጠጣው መምህር ትናገራለች። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትናገር የሚወስነው ነገ ጧት ክፍሉ ሲከፈት የምታደርጉት ነው።